አንጀቷ ታሞ እግሯ ለምን አበጠ? የደም ስር ሽፋን ሕዋሳትና የአንጀት ብግነት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የ22 ዓመት ሴት ልጄን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ለወራት ሲያሰቃያት ቆይቶ አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባል የትልቅ አንጀት ብግነት መሆኑ ተነገረን። ሆስፒታል በተኛች በሁለተኛው ሳምንት ግራ እግሯ አበጠ፤ በአልትራሳውንድ ሲታይም ደም ረግቷል ተባለ። ሐኪሞቹ ከአንጀቷ ሕመም ጋር የተያያዘ ነው ብለው ደም ማቅጠኛ ጀመሩላት። አሁን ከሆስፒታል ወጥታ ዋርፋሪን እየወሰደች ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብን። ደም እየፈሰሳት እንዴት ደም ማቅጠኛ ይሰጣታል? አንጀትን ከእግር ደም ስር ጋር ምን አገናኘው? ባዮሎጂ ስለማስተምር ሳያሳጥሩ ይንገሩኝ። ደግሞም ከአንድ ወር በኋላ አዲስ አበባ የአክስቷ ልጅ ሰርግ አለ፤ በአውቶቡስ ልወስዳት እችላለሁ?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ቀድሜ የሚያስጨንቅዎትን ልመልስ። ለልጅዎ ደም ማቅጠኛ መጀመሩ ትክክል ነው። አባት ሆነው ሲሰሙት መደንገጥዎ አይገርመኝም። ነገር ግን ከአንጀቷ የሚወጣው ደም ከተላጠ የውስጥ ሽፋን የሚንጠባጠብ ነው፤ ይታያል፣ ይለካል፣ ካስፈለገም ደም ይተካላታል። በእግሯ የረጋው ደም ግን ተቆርሶ ወደ ሳንባ ከሄደ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሄፓሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ እኮ ለዚሁ ለአልሰራቲቭ ኮላይቲስ መድኃኒት ይሆን እንደሆነ ተብሎ በሕመምተኞች ላይ ተሞክሯል። ፈወሰ የሚያሰኝ ውጤት አልተገኘም፤ የተፈራውን ያህል ደምም አላፈሰሰም። ስለዚህ ደሙ በብዛት ካልወረደባት በቀር የአንጀቷ መድማት ብቻውን ማቅጠኛውን ለማቆም ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው በአንድ በሽታ ላይ ሌላ በሽታ ሲደረብ ነው። የልጅዎ አንጀትና እግር ግን የታመሙት በአንድ ዓይነት ሕዋሳት በኩል ነው። እነርሱም የደም ስርን ከውስጥ የሚያለብሱት፣ ኢንዶቴሊየም የሚባሉት ሕዋሳት ናቸው።

በምናስተምርባቸው መጻሕፍት ደም ስር ቱቦ ሆኖ ነው የሚሣለው፤ ደም ቅዳ ይወስዳል፣ ደም መልስ ይመልሳል፣ በመካከል ደግሞ ቀጫጭኖቹ አሉ። ይህ ሥዕል ተማሪውን ለፈተና ያደርሰዋል፤ የአንጀት ብግነትን ለመረዳት ግን አያደርሰውም። ከልብ ጀምሮ እስከ እግር ጣት ድረስ የደም ስሮችን ሁሉ ከውስጥ የሚሸፍነው አንድ ንጣፍ ሕዋስ ነው። በቀጫጭኖቹ ስሮች ላይ ውፍረቱ በብዙ ቦታ 1 ማይክሮሜትር እንኳን አይሞላም። ከደሙ ውስጥ የትኛው ሕዋስ ወደ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚገባ፣ ደሙ ፈሳሽ ሆኖ ይሂድ ወይስ ይርጋ የሚለውን፣ ስሩ ይስፋ ወይስ ይጥበብ የሚለውን በየሰከንዱ የሚወስነው ይህ ስስ ንጣፍ ነው።

ለሕክምና ተማሪዎች ደጋግሜ የማሳየው አንድ ስላይድ አለ። ከተቆጣ ትልቅ አንጀት የተወሰደ ናሙና ነው፤ በማቅለሚያው ሐምራዊና ሮዝ ሆኗል። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳሳረፉ የሚያዩት የላይኛውን ቁስለትና በመግል የተሞሉትን እጢዎች ነው። «ትንሽ ወደ ታች ውረዱ» እላቸዋለሁ። እዚያ አንዲት ትንሽ ደም መልስ አለች። በጤነኛ አንጀት የዚህች ስር ሽፋን ሕዋሳት አስኳል እንደ ተልባ ፍሬ ጠፍጣፋ ሆኖ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። በዚህ ስላይድ ላይ ግን ሕዋሳቱ እንደ ተነከረ ባቄላ አብጠው ወደ ውስጥ ገፍተዋል። ነጮቹ የደም ሕዋሳት የስሩን መሀል ትተው ዳር ዳሩን ተሰልፈዋል፤ ሁለት ሦስቱ ግማሽ አካላቸው ከግድግዳው ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ተይዘዋል። ተማሪዎቹ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ቁስለቱ ከላይ ነው፣ ቁስለቱን የሚያባብሰው ሠራዊት ግን የገባው በዚች በር ነው።

ይህን ነገር በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ በዝርዝር ተከታትሎ የጻፈው ዩሊየስ ኮንሃይም የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1867። የእንቁራሪት አንጀት የተንጠለጠለበትን ስስ ገበር ዘርግቶ በማይክሮስኮፕ ሥር ለሰዓታት ተመለከተ። ነጮቹ ሕዋሳት ቀስ እያሉ ከስሩ ግድግዳ ጋር ተጣበቁ፣ ቀጥሎም አልፈው ወጡ። መግል የሚመጣው ከደም መሆኑን ያሳየው ይህ ሥራ ነው። የብግነት ሳይንስ ገና ሲጀመር የታየው በአንጀት ደም ስር ላይ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ዛሬ ያንን ትዕይንት እስከ ፕሮቲኖቹ ድረስ እናውቀዋለን። በአንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የተላጠውን ሽፋን አልፈው ሲገቡ፣ እዚያ ያሉት ተከላካይ ሕዋሳት ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን-1 የሚባሉ የማንቂያ ፕሮቲኖችን ይረጫሉ። ማንቂያውን የሚሰማው የደም ስሩ ሽፋን ነው። ከሰዓታት በኋላ በደም በኩል ባለው ገጹ ላይ ሴሌክቲን የሚባሉ የሚያጣብቁ ፕሮቲኖችን ያወጣል። የሴሌክቲን አያያዝ ልል ነው። የጅማው አዌቱ ወንዝ በክረምት ሲሞላ አይተው ይሆናል፤ መሀል የያዘው እንጨት ሽምጥ ይወርዳል፣ ወደ ዳር የቀረበውን ግን ቁጥቋጦ እየያዘው እየለቀቀው ይንከባለላል። ነጩ ሕዋስም ሴሌክቲን እየያዘው እየለቀቀው በግድግዳው ላይ ይንከባለላል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ከሽፋኑ የሚመጣውን ኬሚካላዊ ምልክት ያነባል፤ በራሱ ገጽ ላይ ያለው ኢንተግሪን የሚባለው ፕሮቲን ቅርጹን ይለውጥና ከሽፋኑ ጋር ጥብቅ ብሎ ይያያዛል። ከዚያ በሁለት ሕዋሳት መገናኛ በኩል ሾልኮ ወደ አንጀቱ ሥጋ ይገባል።

በጤነኛ ሰው ይህ ሁሉ ሥራውን ጨርሶ ይቆማል። በአልሰራቲቭ ኮላይቲስና ክሮንስ በሚባለው ሌላው የአንጀት ብግነት በሽታ ግን አይቆምም። የገቡት ሕዋሳት ራሳቸው ተጨማሪ ቲኤንኤፍ ያመርታሉ፣ ቲኤንኤፉ ሽፋኑን ይበልጥ ያነቃል፣ የነቃው ሽፋን ሌሎችን ያስገባል። ከሕመምተኞች አንጀት የተወሰዱ የደም ስር ሽፋን ሕዋሳት በላቦራቶሪ ሲያድጉ ከጤነኞች ከተወሰዱት ይልቅ ብዙ ነጭ ሕዋሳትን እንደሚያጣብቁ ታይቷል። ከሰውነት ወጥተው፣ በመስታወት ሳህን ላይ አድገው እንኳን ጠባያቸው እንደተለወጠ ነው።

የልጅዎ እግር ጉዳይ የሚገባው ከዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኤዋልድ ዋይበልና ጆርጅ ፓላዴ የሚባሉ ተመራማሪዎች በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ሞላላ የሆኑ ጥቃቅን ከረጢቶችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አግኝተው ገለጹ። ውስጣቸው ምን እንዳለ የታወቀው ኋላ ነው። በአንድ ከረጢት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ነጭ ሕዋሳትን የሚይዘው ፒ-ሴሌክቲን፣ ሁለተኛው ደም አርጊ ሕዋሳትን ከተጎዳ ስር ጋር የሚያጣብቀው ቮን ዊልብራንድ ፋክተር ነው። ሕዋሱ ሲቆጣ ከረጢቱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ውጭ ይፈነዳል፣ ሁለቱም አብረው ይወጣሉ። መምህር፣ ለክፍልዎ የሚያስተምሩበት ቢሆን ይህን ቢያሳዩአቸው ደስ ይለኛል፤ ብግነትና ደም መርጋት ከአንድ ከረጢት ነው የሚወጡት። ቁስል በሚበዛበት ዓለም ለኖሩት ቀደምቶቻችን ይህ ጥበብ ነበር፤ እሾህ የወጋው እግር መድማቱ ቶሎ መቆም፣ ቆሻሻውም መጠረግ ነበረበት። ለወራት በማይቆም የአንጀት ብግነት ግን ያው ጥበብ ጉዳት ይሆናል።

ይህ ብቻም አይደለም። ጤነኛው ሽፋን ደምን ፈሳሽ አድርጎ የሚያቆየው በገጹ ላይ ባሉ ፕሮቲኖች ነው፤ ዋናው ትሮምቦሞዱሊን ሲሆን ፕሮቲን ሲ የሚባለውን የመርጋት መቆጣጠሪያ ያነቃቃል። ቲኤንኤፍ የትሮምቦሞዱሊንን መጠን ይቀንሳል፣ በተቃራኒው መርጋትን የሚያስጀምረውን ቲሹ ፋክተር ያበዛል። ታዲያ ቲኤንኤፍና ጓደኞቹ አንጀት ውስጥ ታስረው አይቀሩም፤ በደም ይዞራሉ። የእግሯ ደም መልስ ሽፋን ከአንጀቷ ስሮች ሽፋን ጋር ወንድማማች ስለሆነ ያንኑ መልእክት ይሰማል። በዚያ ላይ ልጅዎ ያኔ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፣ በተቅማጥ ውኃዋ አልቆ ነበር፣ ጉበቷም በብግነቱ ምክንያት የመርጋት ፕሮቲኖችን አብዝቶ ያመርት ነበር። ደሙ በእግር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሄድ ለመርጋት ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ ከ13 ሺህ በላይ የአንጀት ብግነት ሕመምተኞችን ያካተተ የብሪታንያ ጥናት የደም መርጋት ዕድላቸው ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች ከ3 እጥፍ በላይ፣ በሽታው በሚቀሰቀስበት ጊዜ ደግሞ 8 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ምክንያት በጽኑ ተቀስቅሶበት ሆስፒታል ለሚተኛ ሰው እግሩ ሳያብጥ ገና በመጀመሪያው ቀን መከላከያ ሄፓሪን ከቆዳ ሥር መወጋት አለበት። ይህ በየቦታው እየተደረገ አይደለም፤ ደም እያየ መርፌውን ለማዘዝ የሚፈራ ሐኪም ብዙ ነው። ስለዚህ ነገር በጽሑፍም በቃልም የምጮኸው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳይቀር። ነጭ ሕዋስ ከሳንባ ወይም ከቆዳ ይልቅ ወደ አንጀት እንዲገባ የሚነግረው ማነው? እዚህም መልሱ ያው ሽፋን ነው። የአንጀት ትንንሽ ደም መልሶች ማድካም-1 የሚባል ፕሮቲን በገጻቸው ላይ አላቸው። በአንጀት አካባቢ የሠለጠኑ ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ ለዚህ ፕሮቲን የሚገጥም አልፋ-4 ቤታ-7 የሚባል ኢንተግሪን ይይዛሉ። (ይህን ኢንተግሪን እንዲያወጡ የሚያደርጋቸው ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ሬቲኖይክ አሲድ ነው፤ ምግባችን እስከዚህ ድረስ ይዘልቃል።) አንጀቱ ሲቆጣ ማድካም-1 ይበዛል፣ ጥሪውም ይበረታል።

መድኃኒት ሠሪዎች ይህን በር ለመዝጋት ያደረጉት ጉዞ ቀላል አልነበረም። ናታሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት አልፋ-4ን የትም ቦታ ይዘጋ ነበር፤ አንጀትንም አንጎልንም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 መልቲፕል ስክለሮሲስ ለሚባለው የነርቭ በሽታ ተፈቅዶ፣ ጄሲ ቫይረስ አንጎላቸውን የጎዳባቸው ሕመምተኞች በመገኘታቸው በ2005 ከገበያ ተነሣ፤ በጥብቅ ቁጥጥር ተመልሶ በ2008 አሜሪካ ውስጥ ለክሮንስም ተፈቀደ። ተከላካይ ሕዋሳት ወደ አንጎል እንዳይገቡ ከተከለከሉ ቫይረሱን የሚጠብቀው ማን ነው? ከዚህ ትምህርት ተወስዶ አልፋ-4 ቤታ-7ን ብቻ የሚይዘው ቬዶሊዙማብ ተሠራ፤ በ2014 ተፈቀደ። ሕዋሳቱን አይገድልም፣ አንጀት በር ላይ እንዳይያያዙ ብቻ ያደርጋል። በእኛ አገር በቀላሉ የሚገኝ ወይም የመምህር ደመወዝ የሚችለው አይደለም። ነገር ግን በሽታው ሲቀሰቀስ በተለምዶ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው መሆኑን ይወቁ፤ የሽፋኑ ሕዋሳት የሚያጣብቁ ፕሮቲኖችን እንዳያመርቱ ያግዳል። አሮጌና ርካሽ መድኃኒት ነው፣ በሩን ግን ይዘጋል። ጉዳቱ የሁሉንም በር መዝጋቱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የማይሰጥበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

በሩ ወደ ሌላም አቅጣጫ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሚላን ያሉ ተመራማሪዎች የአንጀት ደም ስሮች ከአንጎል ጋር የሚመሳሰል አጥር እንዳላቸው አሳዩ። በአይጦች ላይ 4 ሺህ ዳልተን የሚመዝን ሞለኪውል ሲያልፍ 70 ሺህ የሚመዝነው አያልፍም፤ የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ጉበት እንዳይሻገር የሚያግደውም ይኸው ነው፤ ሳልሞኔላ ግን ያፈርሰዋል። በ2019 ደግሞ የጀርመኗ ኤርላንገን ተመራማሪዎች ኢንተርፌሮን-ጋማ የሚባለው የማንቂያ ፕሮቲን የሽፋኑን ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚያያይዘውን ቪኢ-ካድሄሪን የሚባል ፕሮቲን እንደሚያናጋ አሳዩ። ኢንተርፌሮን-ጋማን የሚቀበለውን ፕሮቲን ዘረ መል ከደም ስር ሽፋን ሕዋሳት ላይ ብቻ ባነሱባቸው አይጦች የአንጀት ቁስለቱ ቀለለ። ተከላካይ ሕዋሳቱ አልተነኩም፣ የተነካው ደም ስሩ ብቻ ነው፤ በሽታው ግን ቀነሰ። እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ይህ ሙከራ ነው።

ሲቆይ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። የተቆጣው አንጀት ቪኢጂኤፍ በሚባለው ፕሮቲን ግፊት ብዙ አዳዲስ ቀጫጭን ስሮች ያበቅላል፤ ስለዚህ በኮሎኖስኮፒ (የአንጀትን ውስጥ በሚያሳይ ካሜራ) ሲታይ ይቀላል፣ ሲነካ ይደማል። ግን ስሮቹ በበዙበት ቦታ ደም የሚያጥርበት ጊዜ አለ። ለረጅም ጊዜ የታመሙ ስሮች ናይትሪክ ኦክሳይድን በሚገባ ማምረት ያቅታቸዋል፣ ስለዚህ መስፋት ሲገባቸው አይሰፉም፤ ቁስለቱ ኦክስጅን ስለሚያጣ መዳን ያቅተዋል። ቪኢጂኤፍን መዝጋት ታዲያ መፍትሔ አልሆነም፤ ለካንሰር በሚሰጠው ቤቫሲዙማብ አንጀት የተበሳባቸው ሰዎች ስለታዩ በቆሰለ አንጀት ላይ ማንም አይደፍረውም።

«ታዲያ በሽታውን የጀመረው ደም ስሩ ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ አይመስለኝም እላለሁ። ዘር፣ የአንጀት ባክቴሪያዎችና የሰውነት መከላከያ የመጀመሪያውን እሳት ይጭራሉ፤ እሳቱ እንዳይጠፋ እንጨት የሚያቀብለው ግን የደም ስሩ ሽፋን ነው። ለልጅዎ ይህ ምን ማለት ነው? የእግሯ መድኃኒት ማቅጠኛው ብቻ ሳይሆን የአንጀቷ ብግነት መብረድ ጭምር ነው ማለት ነው። አንጀቷ እየተቆጣ ማቅጠኛውን ብቻ ብትወስድ ደሙ እንደገና ሊረጋ ይችላል። ማቅጠኛው ቢያንስ 3 ወር ይቀጥላል፤ ተቅማጡ ቆመ ብላችሁ የአንጀቷን መድኃኒትም እንዳታቋርጡ።

በእኛ አካባቢ ስለማውቃቸው ነገሮች ላስጠንቅቅዎ። ዋርፋሪን የምትወስድ ሰው የደም መርጊያ ልኳ፣ አይኤንአር የሚባለው፣ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ተቅማጥ በተነሣ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ መዋጥ እዚህ የተለመደ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል ግን ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ልኩን ከፍ አድርጎ ደም ያፈስሳል። ሐኪም ሳያውቅ አትውሰድ። ለቁርጥማት ተብሎ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌንም አትውሰድ፤ አንጀቷንም ይቀሰቅሳሉ፣ መድማቱንም ያባብሳሉ። ጎመን መብላት ትችላለች፤ አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ሌላው ሳምንት ጭራሽ ሳይሆን ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን ይሁን፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳልና። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ለእርሷ አይሆንም፣ ሌላ አማራጭ ይፈለግላት። አንድ ጥያቄ ለሐኪሟ ያቅርቡልኝ፤ ስቴሮይድ ተጀምሮላት ከሆነ ከመጀመሩ በፊት አሜባ አለመኖሩ በምርመራ ተረጋግጧል ወይ? በእኛ አገር ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲባል ይህ ሳይጣራ መታለፍ የለበትም፤ የክሮንስ ጥርጣሬ ካለ ደግሞ የአንጀት ሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ።

እግሯን ለወጌሻ አታሳዩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎማ ወረዳ የመጣ አንድ ወጣት ቡና ገበሬ ነበር፤ የአንጀት ሕመሙ ተቀስቅሶበት እግሩ ሲያብጥ ቤተሰቡ ውልቃት መስሏቸው ሁለት ቀን በቅቤ አሳሹት። በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሮት በሰው ትከሻ ደረሰ። ተረፈ፣ ግን ለጥቂት ነው። እብጠቱን መከታተል ከፈለጉ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃዎታል፤ ከጉልበቷ ሎሚ በታች ፊት ለፊት ከምትዳሰሰዋ የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲሜትር ወደ ታች ይለኩና የሁለቱንም እግር ባት ዙሪያ በየሳምንቱ ይጻፉ። በጤነኛውና በታመመው መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሴንቲሜትር አልፎ እየጨመረ ከሄደ፣ ወይም ሌላኛው እግር ማበጥ ከጀመረ ቀጠሮ አይጠብቁ። ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም ከተሰማት ወይም ደም ከተፋች ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

ሰርጉን በተመለከተ፣ ማቅጠኛውን ሳታቋርጥ ወስዳ፣ አይኤንአሯ ተስተካክሎ፣ ተቅማጧም በርዶ ከሆነ ሐኪሟን አማክራችሁ መሄድ ትችላለች። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቦታ ተቀምጣ አትዝለቀው። የመተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ይያዙላት፣ እግሯን እንደ ልብ ትዘርጋ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዟን ከፍ ዝቅ ታድርግ። መጸዳጃ ቤት ፍራቻ ውኃ እንዳትተው፤ ጥማት ደሟን ይበልጥ ያወፍረዋል። የግቤን በረሃ ከማቋረጣችሁ በፊት ሾፌሩን አነጋግረው ውረዱ፣ ወልቂጤ ስትደርሱም ሁሉም ምሳ እስኪበላ ድረስ አብረዋት ወዲያ ወዲህ ይበሉ። የአይኤንአር ደብተሯና መድኃኒቷ ከታች ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳዋ ይሁኑ።